የእረፍት ሰዓት ሜዳ መምህር ይፈልጋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልጁን ወንዶች ብቻ በሚማሩበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሊያስገባ የሚያስብ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቅጣቱ ጥብቅነት ነው። ጥያቄው ግን በእረፍት ሰዓት መምህራኑ የት ናቸው የሚል ቢሆን ይሻላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን ቱሪን ከተማ ወንድ ልጆችን ያሳደገው ቄስ ዶን ቦስኮ ሥርዓቱን የመሠረተው ጥፋት ሳይፈጸም ቀድሞ በመከላከል ላይ ነበር። አስተማሪው ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ ይውላል፣ ይጫወታልም።

ጠብ የሚነሳው በአብዛኛው በቧንቧ ወረፋ፣ በመጸዳጃ ቤት ጀርባና በኳስ ክርክር ነው። ስለዚህ ግቢውን ከፋፍሎ ለየቦታው ኃላፊ መመደብ ያስፈልጋል። ሁለት ልጆች ሲደባደቡ መጀመሪያ ከተመልካች ማራቅ፣ እስኪበርዱ መጠበቅ፣ ከዚያ ለየብቻ ማዳመጥ ነው። በጓደኞቹ ፊት «ይቅርታ ጠይቅ» የተባለ ወንድ ልጅ እልህ ይይዘዋል፤ ጠቡም ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ይቀጥላል። የሰበረውን ራሱ ቢጠግን ከመንበርከክ የበለጠ ይማራል። (መንበርከክ ዛሬም ያልጠፋባቸው ግቢዎች መኖራቸው ያሳዝናል።)

ንባብ ሲደርሰው ክፍሉን የሚያስቅ ልጅም ሁልጊዜ ባለጌ አይደለም። ለብቻው አንድ አንቀጽ ያስነብቡት። ፊደል ላይ ከተደናቀፈ የሚያስፈልገው በየቀኑ የ15 ደቂቃ ንባብ እንጂ የወላጅ መጥሪያ ደብዳቤ አይደለም።

የወንዶች ብቻ ትምህርት ቤት ትልቁ ጉድለት ሴት ልጅን እንደ ሥራ ባልደረባ ሳያውቁ ማደግ ነው። ከሴቶች ትምህርት ቤት ጋር የክርክር፣ የመዘምራንና የሳይንስ ክበብ በጋራ ማቋቋም ይቻላል፤ በዓመት አንድ ቀን በሚደረግ በዓል ግን አይተካም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር