የማጠናከሪያ ትምህርት ወንበር ለማን ይገባል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። የምጽፈው ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምንሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት፣ በተለይም እኛ መምህራን ፍትሐዊ ነው ብለን አምነን ስለያዝነው አሠራር ነው።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ከተፈተኑ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት ስላስደነገጠን፣ ያለንን ጥቂት ሰዓት «ያልፋሉ» ለምንላቸው ልጆች ማዋልን ልማድ አደረግነው። ተማሪዎቹ የሚመረጡት በአንደኛ መንፈቅ ዓመት ደረጃቸው ሲሆን፣ ሦስት ቅዳሜ የቀረ ወንበሩን ለተከታዩ ይለቃል። መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ አድልዎ የለበትም እያልኩ እኔም ለዓመታት ተሟግቼለታለሁ።

አምና በዚሁ ደንብ የአንዲት ጎበዝ ተማሪዬን ስም ሰረዝኩ። የምትቀረው እናቷ ቅዳሜ ጉሊት ስለምትውልና ታናናሾቿን የሚይዝላት ስለሌለ እንደነበር በኋላ ከጓደኛዋ ሰማሁ፤ እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ወንበሯን ያገኘው ልጅ ቤቱ አስጠኚ የተቀጠረለት ነበር፤ እሱ ግን ምንም አላጠፋም።

የሪሜዲያል፣ ማለትም የማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ተማሪዎች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ መግቢያ ነጥብ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልል ልጆች ዝቅ የማለቱ ነገር በመምህራን ማረፊያ ሲነሣ፣ «ይህ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እነዚሁ ሰዎች ደብተር ላጣ ተማሪ ከኪሳቸው አውጥተው የሚገዙ ናቸው። የልጆቹ ችግር ተሰውሯቸው ሳይሆን፣ ደብተር መግዛትን የደግነት፣ ወንበር መስጠትን ግን የውጤት ጉዳይ አድርገው ስለለያዩት ነው እንዲህ የሚሉት፤ እኔ ስም የሰረዝኩትም በዚሁ እምነት ነው።

ስለዚህ ርእሳነ መምህራንም ሆኑ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የዘንድሮው ምርጫ ከመካሄዱ በፊት መምህራንን በመስፈርቱ ላይ እንዲያወያዩ፣ ማንም ተማሪ የቀረበት ምክንያት ሳይጠየቅ እንዳይሰረዝ፣ ቅዳሜ መምጣት ለማይችሉትም በሥራ ቀን ከትምህርት በኋላ ሰዓት እንዲመደብላቸው እጠይቃለሁ። ሒሳቡን ማክሰኞና ሐሙስ ለማስተማር እኔ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ