የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ?

ዘንድሮ ክበባችን ስለ ውፍረትና ያለልክ ስለመብላት ሲያጠና ከረመ። ርእሱን ስንመርጥ መምህራን ክፍል ውስጥ ተሳቀብን። «እዚህ አገር ችግሩ መብላት ነው ማጣት?» ያለኝም አለ። ረሃብንም ጥጋብንም የሚቆጣጠረው ያው አንድ አንጎል ነው፤ መልሴ ይኸው ነው።

ስብሰባችን እንደምታውቁት አርብ ከሰዓት ነው። ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስን ሣልን፣ ሆርሞኖቹን ሸመደድን፣ ፈተና ሲደርስ ተበታተንን።

የሚኒ ሚዲያውን ቀን ግን ሳላወራ አላልፍም። አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል አለችን፤ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ሞላ ያለች ናት፣ ግቢ ውስጥ ያልወጣላት ስም የለም። ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ማይኩን ያዘችና የዳግላስ ኮልማንን ሙከራ ተረከች። ሰውዬው በአሜሪካ፣ ባር ሃርበር ባለው ጃክሰን ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ከተፈጥሯቸው ያለልክ የሚበሉ ሁለት ዓይነት አይጦች ነበሩት። እያንዳንዱን ከጤነኛ አይጥ ጋር በቀዶ ጥገና አጣብቆ ደማቸውን አገናኘ። አንደኛው ወፍራም መብላቱን ቀነሰ፣ ውፍረቱም እንደ በፊቱ መጨመሩን ተወ። ሁለተኛው ግን ምንም አልሆነም፤ አብሮት የተጣበቀው ጤነኛው አይጥ መብላት ትቶ ሞተ። ለካ አንዱ «ጠግበሃል» የሚል መልእክት ከነጭራሹ የለውም፤ ሌላው መልእክቱ ሞልቶት አንጎሉ አይሰማውም። መልእክቱ ከስብ ሕዋሳት የሚወጣው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ነው። ዘረመሉን የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ኒውዮርክ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. አገኘው።

ከዚያ ወረቀቷን አጠፈችና «እና ‹አፍሽን ያዢ› የምትሉኝ ለየትኛዋ አይጥ ነው?» አለች። ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ቀድመው ያጨበጨቡት እነዚያው ስም አውጪዎች ነበሩ። እኔ ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። አብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን እንደማያንሰው፣ ይልቁንም አንጎሉ ለሌፕቲን እንደሚደነዝዝ፣ ሰው ሲከሳ ደግሞ ሌፕቲኑ ወርዶ ረሃቡ እንደሚብስበት ጨመረች። ይህን እኔ አላስተማርኳትም፤ ራሷ አንብባ ነው።

በዐቢይ ጾምና በረመዳን የሚጾሙ አባላት ረሃባቸውን በየሰዓቱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ እየሰጡ መዘገቡ። ብዙዎቹ ምሳ ሰዓት ላይ ብሶባቸው፣ ምንም ሳይቀምሱ ቀለል ብሏቸዋል። ከጨጓራ የሚመነጨው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን፣ ግሬሊን፣ በለመደው የምግብ ሰዓት ከፍ ይልና ሳይበላም ይወርዳልና። ልጆቹ ይህን በራሳቸው ሆድ አዩት።

የሆስፒታል ጉብኝቱ አልተሳካም፤ የሰርቪስ ገንዘብ ጠፋ። የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማልያ በመልበሱ ከልብ ደስ ብሎናል። የእኛ ማይክሮስኮፕ ግን ዛሬም አምፖል የለውም፤ ማርከርና ካርቶን የገዛነው ከኪሳችን ነው።

ለከርሞ የምንፈልገው ሚዛን፣ ቁመት መለኪያ፣ አምፖልና ለአንድ ቀን የሚሆን አውቶቡስ ነው። የቀድሞ ተማሪዎችም ወላጆችም፣ ዝርዝሩ እኔ ጋ አለ። የላብራቶሪው ቁልፍ ያለበት ሰው ካለ ደግሞ እባክዎ እስከ መስከረም ይመልስልን።