ከትናንት ወዲያ ጀምሮ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብትታዘቢኝ ይገባኛል። ስለ አባትሽ የመርሳት ሕመም የጻፍሽልኝ ደብዳቤ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ እናቴን ያሳመምኳት እኔው ነኝ ብሎ መጻፍ አቃተኝ።

የመርሳት ሕመሟን ለምደነው ነበር። ስሜን ብታጣው እንኳ ልጇ መሆኔን አታጣውም። አንድ ማክሰኞ ግን ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ቀን ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች፤ ሲመሽ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሰው አለ እያለች ትጮኻለች። ሐሙስ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት።

ያ ክፍል ጤነኛውንም ያደናብራል፤ መብራቱ አይጠፋ፣ መሣሪያው ጩኸቱን አያቆም። በጥድፊያ መነጽሯንና የመስሚያ መሣሪያዋን ቤት ትቼ ነበር፤ እንግዲህ በማታየውና በማትሰማው ሰው መሐል ተኛች ማለት ነው። የመጀመሪያው ሐኪም መዝገቧን አየት አደረገና «በዚህ ሕመም የሚጠበቅ ነው» አለኝ። ልነሣ ብላ ስትታገል እጇን ሊያስሩ፣ የሚያደነዝዝ መርፌ ሊወጓት ተሰናዱ። ማሰር መደናበሩን እንደሚያብስ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እምቢ ያልኩት ግን በእውቀት ሳይሆን በእልህ ነበር።

ተረኛ ሲቀየር የመጣችው ሐኪም «እንዲህ የሆኑት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ» ስላት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እማማ፣ ወራትን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» አለቻት፤ እናቴ ከአንዱ አላለፈችም። የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ያዘግማል፤ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ መጥቶ ከፍ ዝቅ የሚለው ግን ዴሊሪየም የሚባለው ድንገተኛ የአእምሮ መደናበር ነው፤ መንስኤው መፈለግ አለበት አለችኝ። የሳንባ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ መድኃኒት፣ ወድቆ ጭንቅላት መመታት ሊሆን ይችላል። ሆዷን ስትዳስስ ፊኛዋ ተወጥሮ አገኘችው። ከዚያ «ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለችኝ።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቼ ለእንቅልፍ የሰጠኋትን ነገርኳት፤ ዳይፈንሃይድራሚን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ በየጊዜው የሚታደስ የቢርስ ዝርዝር የሚባል አለ፤ አረጋውያን ቢርቋቸው የሚሻሉ መድኃኒቶች የሰፈሩበት ነው። የእኔው ክኒን እዚያ ላይ ቁጭ ብሏል። አእምሮንም ያምታታል፣ ሽንትንም ያግዳል። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በቱቦ ሽንቷ ወጣ፣ ክኒኑ ቆመ፤ መነጽሯን አምጥቼ አጠገቧ አደርኩ። በአራተኛው ቀን «አንቺ ልጅ፣ ጠጉርሽን አበጥሪ» አለችኝ። ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረችበት ለመመለስ ግን ሳምንታት ፈጀባት።

አባትሽ እንዴት ናቸው? የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከመደብር የተገዛውንም ሳይቀር፣ በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ። ድንገት ከተለወጡ ደግሞ ባለፈው ሳምንት እንዴት እንደነበሩ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ያንን መዝገባቸው ላይ አያገኘውም።

ቶሎ ጻፊልኝ፤ በእኔ አትፍረጂ።

ናፋቂሽ