ብራዚል ያለፈችበት ረቡዕ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበብ ዘገባ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። «ክበባችን በበጀት ዓመቱ ልዩ ልዩ ተግባራትን አከናውኗል» ተብሎ ይጀመራል፤ ከዚያ ቁጥር ይደረደራል። እኔም አምስት ዓመት እንደዚያ ጽፌያለሁ። ዘንድሮ ግን የክበቡ ልጆች «ቲቸር፣ ያንን ማንም አያነበውም፤ የሆነውን ይጻፉት» አሉኝ። ድምፅ ተሰጠበት፤ ተሸነፍኩ። የሆነው እንግዲህ ይኸው።

የስፖርት ሰዓታችን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በረፍት ጊዜ ነው፤ 15 ደቂቃ። ለዓመታት ስፖርት ማለት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ውጤት ማንበብ ነበር። ሰኞ ሰኞ የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊዎች ሞንታርቦው ሥር ይሰበሰባሉ። ጨዋታውን ሁሉም ዲኤስቲቪ ቤት አይቶታል። የሚመጡት ለመበሻሸቅ ነው። አንድ ጊዜ መበሻሸቁ ወደ ግፊያ ሄዶ የድምፅ ማጉያው ገመድ ተበጠሰ። መስከረም ላይ ታዲያ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ተጫዋች ብቻ እንከተል። ጫማ የሰቀለ ይሁን። ከደቡብ አሜሪካ ይሁን፣ እዚያ ማናችንም ወገን የለንም።

ፔሌ ተባለ፣ ማራዶና ተባለ፣ ሮናልዲኒሆ ተባለ። ሐኪም መሆን የምትፈልግ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና «ዶክተር የሆነ ኳስ ተጫዋች የለም?» አለች። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ጥያቄው ደስ አለኝ። አለ አልኳት። የብራዚሉ ሶክራተስ። ስሙን ሲሰሙ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ መረጡት።

የመጀመሪያው ጣጣ ስሙ ራሱ ነበር። የግሪኩን ፈላስፋ እኛ ሶቅራጥስ እንለዋለን። ብራዚሎች የራሳቸውን ሰው ሶክራቺስ ብለው ይጠራሉ። አቅራቢያችን በመጀመሪያው ቀን «ዛሬ ስለ ሶቅራጥስ ሕይወት እናወጋችኋለን» ብሎ ጀመረ። የታሪክ መምህራችን ደስ ብሏቸው ሻያቸውን እንደያዙ ከመምህራን ማረፊያ ወጡ። ልጁ «ለኮሪንቲያንስ 172 ጎል አስቆጥሯል» ሲል ሻያቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሶክራተስ እያልን ቀጠልን።

ስሙን ያወጡት አባቱ ናቸው። ራይሙንዶ ይባላሉ፤ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ፣ መጽሐፍ የሚወዱ ሰው ነበሩ። የግሪኮችን ፍልስፍና ሲያነቡ ለሦስት ልጆቻቸው ሶክራተስ፣ ሶስቴነስና ሶፎክለስ የሚል ስም አወጡ። የመጨረሻው ልጅ ራይ ከዚህ ተርፏል። እሱም እ.ኤ.አ. በ1994 ከብራዚል ጋር የዓለም ዋንጫን አንሥቷል። ወታደሮቹ በ1964 ሥልጣን ሲይዙ አባትየው ከመጽሐፎቻቸው የሚያስፈሯቸውን መርጠው አቃጠሉ። ሶክራተስ ያኔ አሥር ዓመቱ ነው። አባቱ መጽሐፍ ሲያቃጥሉ ማየቱን ካደገ በኋላም ደጋግሞ አውርቶታል። ይህን ክፍል ያነበበችው ልጅ እዚህ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ማንም እንዲህ አንብቢ አላላትም።

የተወለደው በቤሌም ከተማ የካቲት 19 ቀን 1954 ነው። አንዱ ልጅ ወደ እኛ አቆጣጠር ቢመልሰው የካቲት 12 ሆነ። ዘንድሮ ቀኑ ረቡዕ ላይ ስለዋለ የልደት ዝግጅት አስበን ነበር። የሰማዕታት ቀን ነው፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ የህሊና ጸሎት ተደርጎ በረፍት ሰዓት «መልካም ልደት» ማለት አይሆንም። ለዓርብ አስተላለፍነው። በዚህ ላይ ድምፅ እንኳ አልተሰጠም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ገባው።

ያደገው በሪቤራዎ ፕሬቶ ነው። ኳስ የጀመረውም በዚያችው ከተማ ቦታፎጎ ነው፤ የሪዮው ቦታፎጎ አይደለም፣ ስንቱ እንደተሳሳተ እኔ አውቃለሁ። እየተጫወተ ሕክምና ተማረ። በ1977 ተመረቀና በማግስቱ ዓመት ወደ ሳኦ ፓውሎው ኮሪንቲያንስ ሄደ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 ያልፋል፤ እግሩ ግን ለቁመቱ ትንሽ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ልዙር ቢል ይንገዳገዳል። እሱም መዞሩን ተወውና ኳሷን በተረከዙ ወደ ኋላ መስጠት ለመደ። ልጆቹ «ታኮ» ይሉታል።

እኔ ይህንን እንደ ባዮሎጂ ትምህርት በደንብ አስረዳሁ። የአካል ሚዛን፣ የእግር ርዝመት ምናምን። ከዚያ ሜዳ ወጥተን ሞከርነው። ሜዳችን ኮረኮንች ነው። ረጃጅሞቹ ልጆች ኳሷን እየሳቱ አየር ረገጡ፤ አንዱ በቂጡ ቁጭ አለ። ከሁላችንም አጭሯ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ ዞር ብላ ሳታይ፣ ልክ ጓደኛዋ እግር ሥር ሰጠች። «ቲቸር፣ ያስረዱን ነገር እኔ ላይ አልሠራም» አለችኝ።

ዓመቱን የቀየረው ግን ታኮው አይደለም። ኮሪንቲያንስ በ1981 ተዳክሞ ነበር። አዲልሰን ሞንቴሮ አልቬስ የሚባል የሶሲዮሎጂ ሰው የእግር ኳሱ ኃላፊ ሆኖ መጣና ተጫዋቾቹን ሰብስቦ አዳመጣቸው። ከሶክራተስ፣ ከተከላካዩ ቭላዲሚርና ከወጣቱ አጥቂ ካዛግራንዴ ጋር ሆነው አንድ ሥርዓት አበጁ። ማንኛውም ነገር በድምፅ ይወሰናል። አንድ ሰው አንድ ድምፅ፤ አምበሉም፣ ወጌሻውም፣ ትጥቅ ያዡም። ልምምድ ስንት ሰዓት ይሁን? አውቶቡሱ የት ይቁም? ማን ይፈረም? ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ከጨዋታ በፊት ሆቴል ውስጥ ይቆለፍበት ወይ? ይህ ሁሉ አገሪቱን ወታደሮች በሚገዙበት ዘመን ነው። በኅዳር 1982 ምርጫ ሲደርስ ማሊያቸው ጀርባ ላይ «በ15ኛው ቀን ምረጡ» ብለው ጽፈው ገቡ። ደግሞም አሸነፉ፤ የሳኦ ፓውሎን ዋንጫ በ1982ም በ1983ም ወሰዱ። ባያሸንፉ ኖሮ ይህን ወሬ ዛሬ የምናወራው አይመስለኝም።

ልጆቹ ይህን አንብበው ወደ እኔ ዞሩ። «እኛስ?»

አባላቱ 29 ናቸው። እኔ ሠላሳ። የኤሌክትሪኩን ነገር የሚያዩልን ጋሼ 31፣ ክፍላችንን የሚያጸዱት እናት 32። እሳቸው «እኔ ኳስ የት አውቄ» አሉ። አንዱ ልጅ «እትዬ፣ የተጠየቁት ድምፅ ነው፣ ኳስማ እኛም አናውቅም» አላቸው።

መጀመሪያ አካባቢ የተወሰነው ሁሉ ስለ ብስኩት ነበር። በስብሰባ ላይ ብስኩት ይኑር ተብሎ በከፍተኛ ድምፅ አለፈ፤ ገንዘቡን ማን ያዋጣ የሚለው ግን አላለፈም። ኅዳር ላይ ከበድ ያለው መጣ። ከመነበቡ በፊት ጽሑፉን ሁሉ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አያለሁ። ይቅር ተባለ። ተከራከርኩ። እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ አንድ ድምፅ ተከራከርኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ ለማድረግ ሞከርኩ። 19 ለ11 ተሸነፍኩ፤ ሁለት ሰዎች ቀርተው ነበር። እትዬ ከ19ኙ ጋር ነበሩ። በኋላ ሲነግሩኝ «ልጅ ሁልጊዜ እጁን ተይዞ አይጽፍም» አሉኝ።

አሁን ወደዚያ ረቡዕ ልምጣ።

ጥር ላይ ልጆቹ የ1982ን የዓለም ዋንጫ የብራዚልና የጣሊያን ጨዋታ «በቀጥታ» እናስተላልፋለን አሉ። ባርሴሎና፣ ሳሪያ ስታዲየም፣ ሐምሌ 5። አሠልጣኙ ቴሌ ሳንታና፣ አምበሉ ሶክራተስ። ብራዚል ወደ ግማሽ ፍጻሜ ለማለፍ አቻ ይበቃታል። 90ውን ደቂቃ በ15 ደቂቃ አሳጠሩት። ሁለት ልጆች ያስተላልፋሉ፤ አንዱ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምሮ እያንኳኳ ደጋፊ ይሆናል። ግቢ ውስጥ ያለው ተማሪ ውጤቱን አያውቅም። ከመወለዱ በፊት የተደረገ ጨዋታ ነው፤ ከየት ያውቃል።

በ5ኛው ደቂቃ ሮሲ በጭንቅላቱ ገጨ፤ ጣሊያን መራች። ግቢው ዝም። በ12ኛው ዚኮ ጀንቲሌን ዞሮበት ኳሷን ሰነጠቀ፤ ሶክራተስ ገሰገሰና በበረኛው በዞፍና በቋሚው መሃል አሾለካት። መስመሩ ላይ ያለው ኖራ ቡን አለ። ልጁ ይህችን ኖራ ምስሉን አሥር ጊዜ አይቶ ነው ያገኛት። በ25ኛው ቼሬዞ በግዴለሽነት ወደ ጎን የሰጣትን ኳስ ሮሲ ነጥቆ 2 ለ1 አደረገ። ይሄኔ ከካፌው በር ሳይቀር ተማሪ ወደ ሞንታርቦው ተሰብስቧል። 68ኛው ደቂቃ ላይ ፋልካዎ ከሳጥኑ ጫፍ በግራ እግሩ መታ። 2 ለ2! ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ ግቢው አበደ።

መብራት ጠፋ።

ጋሼ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጡ። ነዳጅ የለውም። ደወሉ በእጅ ተደወለና ትምህርት ቤቱ በሙሉ ብራዚል አልፋለች ብሎ ክፍል ገባ። እኔ ራሴ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ሴል እያስተማርኩ «ቲቸር፣ ብራዚል ለዋንጫ ደረሰች?» ተባልኩ። የሚቀጥለው ዝግጅት ዓርብ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ብራዚል በግቢያችን ግማሽ ፍጻሜ ውስጥ ቆየች። አንዱ በብራዚል ተወራርዶ ሁለት ሳምቡሳ በላ።

ዓርብ ዕለት ከ68ኛው ደቂቃ ቀጠልን። በ74ኛው ከማዕዘን ምት በኋላ ሮሲ ሦስተኛውን አገባ። መጨረሻ ላይ ኦስካር የገጨውን ዞፍ መስመሩ ላይ ተኝቶ ያዘ። 3 ለ2። ሳምቡሳ ያበላው ልጅ ገንዘቡን ጠየቀ። የበላው «እኔ የበላሁት በ2 ለ2 ነው፣ ያኔ ትክክል ነበርኩ» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ ክበቡ ዘንድ ለድምፅ ቀርቦ ነበር። አንቀበልም አልን።

የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶዬ ትዝ አለኝ። አንዱ ልጅ «ሶክራተስ ዶክተር ነበር፣ ሲጋራም ያጨስ ነበር፣ ቢራም ይወድ ነበር» ብሎ በግቢው ሁሉ አሰማ። የተናገረው እውነት ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠርቼ «ምንድነው የምታስተምሯቸው?» ተባልኩ። ቀድሜ ባየው ኖሮ አጠፋው ነበር። ለልጆቹም ይህንኑ ነገርኳቸው። ያቺ ሐኪም መሆን የምትፈልገው ልጅ ቀጣዩን እኔ ልጻፍ አለች። በሰኞው ዝግጅት መጠጡ አካሉን እንዴት እንደጎዳው፣ በመጨረሻው ዓመት ሆስፒታል እንደተመላለሰ፣ በ57 ዓመቱ በአንጀት ኢንፌክሽን መሞቱን አነበበች። አልሰበከችም። እኔ ብጽፈው እሰብክ ነበር። ከቢሮም ዳግመኛ አልተጠራሁም።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። በ1984 ብራዚላውያን ፕሬዚዳንታችንን በቀጥታ እንምረጥ ብለው አደባባይ ወጡ። ሶክራተስ ሳኦ ፓውሎ ላይ በሕዝብ ፊት ቆሞ ይህን የሚፈቅደው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከጸደቀ ጣሊያን አልሄድም አለ። በምክር ቤቱ 320 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 298 ተገኘ። ሄደ። ፊዮሬንቲና አንድ ዓመት ብቻ ቆየ፤ አልተመቸውም። የጎደለው ድምፅ 22 ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ በ60 ጨዋታ ያገባውም 22 ነው። ይህንን ያገኘው ሒሳብ የሚወድ ልጃችን ትርጉም እንዳለው ሊያሳምነን ሁለት ስብሰባ ፈጀ።

በ1986 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ከፈረንሳይ ጋር በመለያ ምቱ የመጀመሪያውን ሪጎሬ እንደ ልማዱ ያለ መንደርደሪያ መታ፤ በረኛው ባትስ አዳነበት። እኛም ሜዳ ላይ ያለ መንደርደሪያ ሞክረን ከ20 ስድስት አገባን። በ50 ዓመቱ ደግሞ ጋርፎርዝ ታውን ለሚባል የእንግሊዝ አነስተኛ ክለብ በኅዳር ብርድ ተቀይሮ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ተጫውቷል። ከዓመቱ ዝግጅት ሁሉ ግቢውን በጣም ያሳቀው ይሄ ነው።

የመጨረሻው ዝግጅት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 2011 ስለሞተበት ቀን ነበር። እሑድ ነው። በዚያው ዕለት ኮሪንቲያንስ ከፓልሜራስ ጋር 0 ለ0 ወጥቶ የብራዚል ሻምፒዮን ሆነ። ተጫዋቾቹ ጨዋታው ሳይጀመር መሃል ሜዳ ቆመው፣ እሱ ጎል ሲያገባ ያደርግ እንደነበረው ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው አነሡ። ቆርቆሮውን የሚያንኳኳው ልጅ ዛሬስ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞችህን ጠይቅ አልኩት። ጠጠሩን አውጥቶ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሰኔ ላይ የ2018ን ተጫዋች መረጥን። እኔ የኡራጓዩን ኦብዱሊዮ ቫሬላን ይዤ ቀረብኩ፤ የ1950ውን አምበል። ረጅም ንግግር አድርጌያለሁ። ሁለት ድምፅ አገኘሁ፤ የእኔና የጋሼ። ጋሼም በኋላ «አዝኜልዎት ነው» አሉኝ። ያቺ ታኮ የምትችለው ልጅ በዓለም ዋንጫ 17 ጎል ያላትን ብራዚላዊቷን ማርታን ይዛ መጣች። ንግግሯ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከሌላው እጩ በልጣ 15 ለ14 አለፈች፤ የመጨረሻውን እጅ ያወጡት እትዬ ናቸው።

ጄኔሬተሩ አሁንም ነዳጅ የለውም።