ጭሱ የማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ምድር ሙቀት መጨመር የሚወጡ ጽሑፎች ጣታቸውን ዘወትር በእስያ ፋብሪካዎች ጭስ ላይ ሲቀስሩ፣ ጭሱ ለማን ዕቃ ሲባል እንደሚወጣ ግን እምብዛም አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. በ2015 በፓሪስ በተደረሰው ስምምነት አገሮች ሪፖርት የሚያደርጉት በየድንበራቸው ውስጥ የሚለቀቀውን ጋዝ በመሆኑ፣ ባንግላዴሽ ተሰፍቶ አውሮፓ የሚለበስ ሸሚዝ በፋብሪካ ያስወጣው ጭስ የሚመዘገበው በአምራቹ እንጂ በለባሹ አገር ስም አይደለም። ምዕራባውያን አየራችንን አጸዳን ሲሉ፣ ከፊሉን ጭስ ወደ ሌላ ሰው ጓሮ ማዛወራቸውንም ቢናገሩ ደግ ነበር።

ጭሱን የሚያበዛው፣ ዕቃን ቶሎ ጥሎ ሌላ የመግዛት ብክነትም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔቭ ላይ የተስማሙ ታላላቅ አምፖል አምራቾች የአንድ አምፖል ዕድሜ በ1,000 ሰዓት እንዲወሰን አድርገው፣ ከዚያ የሚቆይ አምፖል የሠራውን ማኅበርተኛቸውን በገንዘብ ይቀጡ ነበር። ዛሬ ደግሞ ባትሪው በሙጫ የተጣበቀ ስልክ፣ ስክሪኑም ሆነ ካሜራው ደህና ሆኖ ሳለ፣ ባትሪው ስለደከመ ብቻ ይጣላል፤ ለዚህ ቅጣት እንኳ አላስፈለገም። የአውሮፓ ኅብረት ተጠቃሚው ባትሪውን ራሱ መቀየር እንዲችል የሚያስገድድና ከእ.ኤ.አ. 2027 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ ማውጣቱ መልካም ቢሆንም፣ የጥገና መቅለል ብቻውን የግዢውን ብዛት አይቀንሰውም። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ወደፊት የአምራች አገሮችን ጭስ ሲዘግብ የገዢዎቹንም ፍጆታ አብሮ እንዲያሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ።