ጭዱን እናክም፣ እበቱን ከወንዝ እናርቅ

ለክቡር አዘጋጅ፣

በሰበታ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ ዙሪያ ከብት አርቢው የሚወቀሰው በእበቱ ነው። ወቀሳው ሐሰት አይደለም፤ በክረምት በየቦዩ የሚለቀቀው እበት መጨረሻው ወንዝ ነው። ላሞቹን አስወጡ ማለት ግን የብዙ ደሃ ቤተሰብ ጉሮሮ መዝጋት ነው።

መነሻው መኖ ነው። ጭድ ብቻ የምትበላ ላም ወተቷ ጥቂት ስለሆነ በእያንዳንዱ ሊትር የምታወጣው ሚቴን (የአየር ንብረትን የሚያሞቀው ጋዝ) ይበዛል። ጭዱ በቀላሉ እንዲፈጭላትና ወተቷ እንዲጨምር በዩሪያ ማዳበሪያ ማከም ይቻላል፦ ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ማሟሟት፣ በየንብርብሩ እኩል መርጨት፣ እየረገጡ አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያም በፕላስቲክ ሸፍኖ ለ21 ቀን መዝጋት። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ከዩሪያው የሚወጣውና ጭዱን የሚያለሰልሰው አሞኒያ ጋዝ ይተናል፣ ጭዱም ይሻግታል፤ የሻገተውን መጣል ነው። ከመመገብ በፊት ሌሊቱን ይናፈስ፤ ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥ። በባልዲ የተረፈ የዩሪያ ውሃ ላም ይገድላል (ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው)።

እበቱ ወንዝ እንዳይገባ ደግሞ፣ አራት ላም ያለው 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ማብላያ (እበትን ወደ ማገዶ ጋዝ የሚቀይር ዝግ ጉድጓድ) ሊመግብ ይችላል። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ይደባለቃሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ድብልቁ ስለሚወፍር ላዩ ይጋገራል፣ ጋዙም ይቆማል። የጋጣ ማጽጃ ኬሚካል ከገባበትም ጋዙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ስለዚህ የማብላያ ድጎማ የሚሰጡ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ከሲሚንቶው በፊት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያውን አስቡበት።

የእንስሳት መኖ ባለሙያዎች፣ ከሰበታ