ሁሉም በአንዴ ሲታጠፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሕር ዳር ላይ መንገድ ሲጨናነቅ ጥፋቱ ሁሌ በባጃጅ ይላከካል። እስቲ ቅዳሜ ገበያው አካባቢ ቆማችሁ እዩ። አስፋልቱ ሲዘጋ አንዱ ወደ ኮብልስቶኑ ይታጠፋል። የኋላው ይከተለዋል። ስልክ ይደዋወላሉ፤ «በዚያ አትምጣ፣ ዝግ ነው!» ትንሽ ቆይቶ ኮብልስቶኑ ይታነቃል፣ አስፋልቱ ጭር ይላል። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ወደ አስፋልቱ። ወሬው ሲደርስ መንገዱ ተለውጧል፤ ሹፌሩን ሁሉ ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው ይሄ ነው። ግማሹ ብቻ ቢታጠፍ ሁለቱም በሄዱ ነበር።

ዎርድሮፕ የተባለ እንግሊዛዊ የትራፊክ ተመራማሪ በ1952 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ መንገድ መቀየር ለማንም ጊዜ የማይቆጥብበት ሚዛን አለ። ሚዛኑ ግን ለከተማው የተሻለው ላይሆን ይችላል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ብሬስ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ መንገድ መጨመር አንዳንዴ ሁሉንም እንደሚያዘገይ አሳይቷል።

በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓባይ ድልድይ ቅሬታ የለኝም፤ አምሮብናል። ግን መጋቢ መንገዶቹስ? ትራፊክ ፖሊሶቻችን ሲጨናነቅ ሁሉንም በአንድ መታጠፊያ ከመስደድ ከፋፍለው ቢለቁ ምን ነበረበት?

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ